ከሣሩ በፊት ውኃው፤ በዋልካ ግቢ ላይ ሰው ሠራሽ ሣር ስለ ማንጠፍ የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት እናገርበት ዘንድ የመረጥሁት ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት ለአደባባይ ንግግር የማይበቃ፣ ለግንበኛና ለአትክልተኛ የሚተው ንዑስ ነገር ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ቤት ሠርቶ በግቢው ያለ ጭቃ ሊኖር የሚመኝ የከተማ ሰው ሁሉ ገንዘቡን የሚያወጣበት፣ ልጆቹን የሚያጫውትበት፣ የቤቱም መሠረት የሚጸናበት ወይም የሚናወጥበት ጉዳይ ስለ ሆነ በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ይኸውም አፈሩ ዋልካ፣ ውኃውም መውጫ ያጣ በሆነ የመኖሪያ ግቢ ላይ ሰው ሠራሽ ሣር ስለ ማንጠፍ ነው።

የነገሬን ፍሬ አስቀድሜ ልግለጽ። ሰው ሠራሽ ሣር የሥራው ፍጻሜ እንጂ መጀመሪያው አይደለም፤ ጭቃን ከዐይን ይሰውራል እንጂ ውኃን ከግቢ አያስወጣም፤ ስለዚህ ዋልካ መሬት ያለው ሰው ለሣሩ ከሚሰጠው ገንዘብና ሐሳብ ይልቅ ከሣሩ በታች ለሚሠራው ሥራ የሚሰጠው ሊበልጥ ይገባዋል። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ ስለ ሣሩ አመጣጥ፣ ቀጥሎ ስለ ዋልካው ጠባይና ስለ ዝናሙ ብዛት፣ ከዚያም ስለ ሥራው ሥርዓት፣ በመጨረሻም ስለ ጎረቤት መብትና ሣሩ ስለማይገባበት ስፍራ በየተራው እናገራለሁ።

ሰው ሣርን የሚወድደው በከንቱ አይደለም። በቅዱሳት መጻሕፍት እንደ ተነገረው ምድር በዕለተ ሠሉስ በፈጣሪዋ ትእዛዝ ሣርንና አዝርዕትን አበቀለች፤ በአገራችንም ልማድ ቄጤማ ሳይጐዘጐዝ ዓመት በዓል በሙሉ ክብሩ አይውልም፤ ዘመን ሲለወጥ ልጃገረዶች እንግጫ ነቅለው ይጐነጕናሉ። ከተማው እየሰፋ፣ መስኩም እየጠበበ በሄደ ቍጥር ግን ቄጤማውን ከገበያ ማምጣት የከበደው ሰው ከረከቦቱ ሥር አረንጓዴ የፕላስቲክ ምንጣፍ ማንጠፍ ጀመረ፤ ዛሬ ደግሞ ከዚያ የወፈረውና የተሻለው ምንጣፍ በረንዳውንም ግቢውንም ሲያለብስ እናያለን። ይህን የሚያደርገውን ሰው የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም። በክረምት ልጆቹ ከደጃፍ በወጡ ቍጥር እስከ ቍርጭምጭሚታቸው በማጥ እየተዘፈቁ የሚመለሱበት፣ በበጋ ደግሞ መሬቱ ተሰነጣጥቆ አቧራው በመስኮት የሚገባበት፣ በብዙ ድካም የተከለውም ሣር ሥሩ በውኃ ታፍኖ የሚበሰብስበት አባወራ፣ ሁልጊዜ ለምለም ሆኖ የሚታይ ነገር በገበያ ተጠቅልሎ ሲያገኝ ልቡ ቢሳብ የሚያስደንቅ አይሆንም።

የዚህ ሣር አገሩ አሜሪካ ነው። ሞንሳንቶ በተባለው የኬሚካል ኩባንያ የተፈለሰፈው ይህ ምንጣፍ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. በሮድ አይላንድ ግዛት፣ በፕሮቪደንስ ከተማ በሚገኘው በሞዝስ ብራውን ትምህርት ቤት ተነጠፈ፤ ስሙ በዓለም የተጠራው ግን በቴክሳስ ግዛት በሂውስተን ከተማ በተሠራው፣ አስትሮዶም በተባለው ባለ ጣሪያ ስታዲየም ነው። ስታዲየሙ እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. ሲከፈት ሜዳው የተፈጥሮ ሣር ነበር፤ ብርሃን በሚያስተላልፈው ጣሪያ በኩል የሚገባው የፀሐይ ጮራ ግን ወደ ላይ የተመታውን ኳስ ለመቅለብ የሚያንጋጥጡትን ተጫዋቾች ዐይን ስላጭበረበረ ጣሪያው ቀለም ተቀባ፤ ብርሃን የተከለከለውም ሣር ደረቀ። በሚቀጥለው ዓመት በእርሱ ፈንታ ሰው ሠራሹ ሣር ተነጠፈ፤ ከዚያም በኋላ በስታዲየሙ ስም አስትሮተርፍ ተብሎ ተጠራ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ እንድንል እወድዳለሁ። ይህ ሣር ዝናውን ያገኘው ዝናም በማይደርስበት ጣሪያ ሥር ነው፤ በዚያ ስፍራ የጐደለው ፀሐይ ነበረ፣ በእኛ ግቢ የተረፈው ግን ውኃ ነው፤ ስለዚህ ለዚያ ጕድለት የተገኘው መፍትሔ ለዚህኛው ትርፍ መፍትሔ ይሆናል ብሎ ያለ ምርመራ መቀበል ከአስተዋይ ሰው አይጠበቅም። እርግጥ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ሣሩ ብዙ ተሻሽሏል። ዛሬ የሚሸጠው ከፖሊኤቲሊን ወይም ከፖሊፕሮፒሊን ክር የተሠራ ሲሆን፣ ክሩ እንዳይነቀል ጀርባው በላቴክስ ወይም በፖሊዩሬቴን ይለበጣል፤ ውኃ እንዲያሳልፍም በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ገደማ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበሱበታል። ሻጩ «ውኃ ያሳልፋል» ብሎ ሲምል እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ያሳለፈውን ውኃ ከታች የሚቀበለው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ መመለስ የገዢው ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ወደ ተቀባዩ፣ ወደ አፈሩ እንመለስ። የአዲስ አበባ መሬት አንድ ዓይነት አይደለም፤ በእንጦጦ ተዳፋት ቀዩ አፈር ሲበዛ፣ ወደ ቦሌ፣ ወደ ሲኤምሲና ወደ አቃቂ ቃሊቲ በሚዘረጋው ሜዳ ላይ ግን ጥቁሩ ዋልካ ተንጣሎ ይገኛል። ገበሬው መረሬ ወይም ኮትቻ የሚለው፣ የአፈር ሊቃውንት ቨርቲሶል ብለው የሚጠሩት ይህ አፈር በአገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን፣ ከዚህም ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ያህሉ በደጋው ክፍል እንደሚገኝ ይገመታል። ጠባዩን የሚወስነው የቅንጣቱ ደቃቅነት ነው። የሸክላ ቅንጣት ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰ ሆኖ፣ በዋልካ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ደግሞ እንደ ስስ ቅጠል የተደራረበ ስለ ሆነ፣ ውኃ በቅጠሎቹ መካከል ሲገባ ያብጣል፣ ውኃው ሲለየው ይኮማተራል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ በየቦታው ይከፈታል፤ የመጀመሪያው ዝናም በዚያ ስንጥቅ ሰተት ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ ግን አፈሩ አብጦ ስንጥቁን ሁሉ ይዘጋል፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ዝናም የሚያስገባበት ደጃፍ የለውም። በዋልካ ላይ የተሠራ ቀላል አጥር በየዓመቱ የሚያዘነብለው፣ የደረጃና የበረንዳ ወለልም የሚሰነጠቀው በዚሁ እብጠትና መኮማተር ምክንያት ነው።

የዚህን አፈር ምሥጢር ከመሐንዲሶች ቀድመው ያወቁት ገበሬዎቻችን ናቸው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች እርሻቸውን ካረሱ በኋላ አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ከፍ ያለ መደብና ዝቅ ያለ ቦይ እያፈራረቁ ያበጃሉ፤ ሰብሉ በመደቡ ላይ ሲቆም ውኃው በቦዩ ይወርዳል። በሌላው የሸዋ ደጋ ደግሞ ጓይ እያሉ አፈሩን ከምረው በማቃጠል ጠባዩን የሚለውጡ ነበሩ፤ ብዙው ገበሬም ስንዴውንና ሽምብራውን ውኃው እስኪጐድል ጠብቆ በክረምት መውጫ ይዘራል። በአዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማእከል ከሌሎች የምርምር ድርጅቶች ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዚህ አፈር ላይ ጥናት ሲያካሂድ፣ ሁለት ማረሻ አጣምሮ መደብና ቦይ የሚያወጣ በበሬ የሚጐተት መሣሪያ ያወጣው ከዚሁ ከገበሬው ጥበብ ተነሥቶ ነው። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ያለው ትምህርት አንድ ነው፤ ዋልካን ውኃ ጠጣ ብሎ የሚያስገድድ ገበሬ የለም፤ መደቡን ከፍ አድርጎ፣ ውኃውን በጎን መንገድ ሰጥቶ ይሸኘዋል። የከተማ ግቢም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም።

አሁን ደግሞ ዝናሙን በቍጥር እንመልከተው፤ ስሌቱን ሳያውቅ ውኃን የሚዳኝ ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታልና። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናም የምታገኝ ሲሆን፣ ትልቁ ድርሻ የሚወርደው በክረምቱ ወራት፣ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢጥል፣ 100 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ግቢ ላይ 3,000 ሊትር ይወርዳል፤ የቤቱ ጣሪያ 150 ካሬ ሜትር ቢሆንና አሸንዳው ውኃውን ወደዚያው ግቢ ቢያፈስሰው 4,500 ሊትር ይጨመርበታል፤ ድምሩ 7,500 ሊትር፣ በባለ 200 ሊትር በርሜል ሲሰፈር ከ37 በርሜል በላይ ይሆናል። ውኃ የጠገበ ዋልካ በሰዓት የሚቀበለው ከጥቂት ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ፣ በሰዓት 2 ሚሊ ሜትር ይቀበላል ብንል እንኳ ይህ ውኃ ሰርጎ እስኪያልቅ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል፤ በሐምሌ ግን ያን ያህል ጊዜ ሰማዩ አይታገሥም፤ በማግሥቱ ሌላ ዝናም ይጨምራል።

ይህን ሳያስቡ የተነጠፈ ሣር ምን እንደሚሆን ቀርበን እንየው። አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኞች በሚያዝያ ወይም በግንቦት መጥተው ዋልካውን በአካፋ ያስተካክሉታል፤ ሁለት ጣት የማይሞላ አሸዋ ይነሰንሱበታል፤ ሣሩን ዘርግተው በሚስማር ይመቱታል፤ ዋጋቸውንም ተቀብለው ይሄዳሉ። ግቢው እስከ ሰኔ አጋማሽ ድረስ ያማረ ነው። በሐምሌ መጨረሻ ግን ሣሩን በአንድ ጠርዝ ይዛችሁ ብትገልጡት፣ አሸዋው በጥቁር ማጥ ተውጦ የት እንደ ደረሰ አታገኙትም፤ የጀርባው ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነዋል፤ የታመቀ የጕድጓድ ውኃ ሽታ ይወጣል፤ ሰው በረገጠበት ስፍራ ሁሉ ተረከዝ የሚያህል ጐድጓዳ ተፈጥሮ ውኃ አቍሯል፤ በላዩ በተመላለሳችሁም ቍጥር ደቃቁ ጭቃ በክሩ መካከል ወደ ላይ እየተገፋ አረንጓዴውን ወደ ግራጫ ይለውጠዋል። ጥር ሲደርስ ደግሞ ያው ዋልካ ተኮማትሮ ከሥር ይሰነጠቃል፤ መጋጠሚያው ይከፈታል፤ ምንጣፉም በስንጥቁ መሥመር ላይ ይሰረጕዳል። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ቍስሉን ሳያጥብ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ሕመምተኛውን የሚያሰናብት ሐኪምን ይመስላል፤ ጨርቁ ንጹሕ ቢሆንም ከሥሩ ያለው ነገር እየከፋ ይሄዳል።

እንግዲህ ስለ ትክክለኛው የሥራ ሥርዓት ልናገር። የመጀመሪያው ግብር ምርመራ ነው። ስፋቱም ጥልቀቱም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጕድጓድ ቈፍሩ፤ ውኃ ሞልታችሁ እስኪሰርግ ጠብቁ፤ ዳግመኛም ሙሉትና መለኪያ ምልክት ያለበት ዘንግ አቁማችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ምን ያህል እንደ ወረደ እዩ። ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ መሬቱ ውኃን በራሱ ማስወገድ አይችልም፤ በእውነተኛ ዋልካ ላይ ደግሞ ያንኑ ውኃ በማግሥቱ ማለዳ በጕድጓዱ ውስጥ ታገኙት ይሆናል። ከዚህም ጋር የቤቱ ባለቤት በከባድ ዝናም ጊዜ ጃንጥላውን ይዞ ግቢውን ቢዞር፣ ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ በየት እንደሚያልፍ፣ የትም እንደሚቆም በዐይኑ ያያል፤ ይህን ትምህርት በበጋ የመጣ ማንም ባለሙያ ሊሰጠው አይችልም።

ሁለተኛው ግብር መውጫን መወሰን ነው፤ እኔም ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው እላለሁ። ከግቢው ዝቅ ብሎ የሚገኝ የመንገድ ዳር ቦይ ወይም የጐርፍ ማስወገጃ ቱቦ ካለ፣ ሥራው ሁሉ ወደዚያ የሚያመራ ይሁን። እንዲህ ያለ መውጫ ከሌለ ውኃውን በዝቅተኛው ስፍራ በታንከር ወይም በተገነባ ጕድጓድ ሰብስቦ በፓምፕ ማውጣት፣ ወይም ለአትክልትና ለእጥበት መጠቀም ያስፈልጋል። በዋልካ ውስጥ ጕድጓድ ቈፍሮ ድንጋይ በመሙላት ውኃው ይሰርጋል ብሎ መጠበቅ ግን ከንቱ ነው፤ ጕድጓዱ በሰኔ ይሞላል፣ እስከ መስከረምም እንደ ሞላ ይቆያል። የዝናም ውኃን ከመጸዳጃ ቤት ጕድጓድ ወይም ከፍሳሽ መስመር ጋር ማገናኘት ደግሞ ፈጽሞ የማይገባ ነው፤ ጐርፍ በበዛ ጊዜ ርኩሱ ውኃ ወደ ሰው ግቢ ገንፍሎ ይወጣልና። የጣሪያውም ውኃ ከአሸንዳው በተዘጋ ቱቦ ለብቻው ይውጣ፤ ባለፈው ስሌት እንዳያችሁት ከጠቅላላው ውኃ ከግማሽ በላይ የሆነው እርሱ ነው።

ሦስተኛው መሬቱን መቍረጥና ቅርጽ መስጠት ነው። የቀድሞው ሣር፣ ሥሩና ለምለሙ የላይ አፈር ተጠርጎ፣ ሣሩ ሊደርስበት ከታሰበው ከፍታ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ተደርጎ ይቈረጣል፤ የተቈረጠውም ወለል ከቤቱ ወደ ውጭ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ያጋድል። ሜዳ የሚመስል ነገር ግን የሚያጋድል ወለል መሥራት የእጅ ሥራ ብቻ ሳይሆን የውኃ ልክና የሲባጎ ሥራ ነው፤ በግምት የተሠራ ተዳፋት በመካከሉ ኵሬ ይተዋል። ለዚህም ሥራ የሚመረጠው ወራት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዋልካው ከክረምቱ ጭቃነት ወጥቷል፣ ወደ በጋው ስንጥቅ ግን ገና አልደረሰም። በሐምሌ የሚቈፍር ሰው ጭቃ ይጠቀጥቃል፤ በመጋቢት የሚቈፍር ደግሞ በስንጥቅ ላይ ይሠራል።

አራተኛው ቦዩ ነው። በግቢው ዝቅተኛ መሥመር፣ ግቢው ሰፊ ከሆነም በየጥቂት ሜትሩ፣ ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቈፈራል፤ በውስጡም ጂኦቴክስታይል የሚባለው ውኃ አሳላፊ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ጠጠር ይደረጋል፤ ቀዳዳው ወደ ታች የሆነ የ100 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር እያጋደለ ወደ መውጫው ይዘረጋል፤ በላዩም ጠጠር ተሞልቶ ጨርቁ ይከደናል። ቱቦው አንድ ቀን መጠረጉ ስለማይቀር በመታጠፊያው ላይ ክዳን ያለው ትንሽ ማንሆል ይሠራለት። ከቤቱ መሠረት አጠገብ ግን ይህን ቦይ አትቈፍሩ፤ በመሠረት ሥር ያለ ዋልካ አንዴ ሲርስ አንዴ ሲደርቅ ግድግዳ ይሰነጥቃልና፣ ከግድግዳው ሥር ቢያንስ የአንድ ሜትር ያህል ስፍራ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ተነጥፎ ውኃውን ወደ ውጭ የሚገፋ ይሁን።

አምስተኛው ጨርቁና ጠጠሩ ነው። በተስተካከለው ዋልካ ላይ ያው ጂኦቴክስታይል ጠርዝ በጠርዝ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር እየተደረበ ይነጠፋል፤ ሥራውም ዋልካውና ጠጠሩ እንዳይቀላቀሉ መለየት ነው። በርካሽነቱ ተታልሎ በእርሱ ፈንታ ላስቲክ የሚያነጥፍ ሰው ከሣሩ በታች የውኃ ገበታ ይሠራል። በጨርቁ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ንጹሕ የተፈጨ ጠጠር፣ የግንባታ ዕቃ ነጋዴዎች 02 የሚሉት ዓይነት፣ በሁለት ዙር እየተደረገ ባለሙያዎች ኮምፓክተር በሚሉት መጠቅጠቂያ ይጠቀጠቃል፤ በላዩም ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ደቀቅ ያለ ጠጠር ለማስተካከያ ይጨመራል። በግንባታ ቦታ ሁሉ የለመድነው ገረጋንቲ ለዚህ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ደቃቅ አፈር ሲጠቀጠቅ ውኃ የማያሳልፍ ወለል ይሆናል፤ ይህም ለመንገድ በጎ ሲሆን ለሣር ክፉ ነው። የወንዝ ድቡልቡል ጠጠርም እርስ በርሱ ስለማይያዝ ከእግር ሥር ይንሸራተታል። የተፈጨው ንጹሕ ጠጠር ግን ከመጠኑ ሲሦ ያህል ባዶ ስፍራ ስላለው፣ 10 ሳንቲ ሜትሩ ብቻ 30 ሚሊ ሜትር ዝናም ተቀብሎ ቦዩ እስኪያወጣው ድረስ ይታገሣል፤ ቀደም ብለን ያሰላነው የከሰዓት በኋላ ዝናም በዚህ ንጣፍ ውስጥ ማደሪያ አገኘ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የሣሩ ተራ ይመጣል፤ ስለ እርሱ ብዙ የምናገረው የለኝም፣ ከሥሩ ያለው ከተበጀ የላዩ ቀላል ነውና። ጥቅሉ ተፈትቶ ጥቂት ሰዓት በፀሐይ ላይ ይረፍ፤ የክሩ አቅጣጫ በሁሉም ቍራጭ ላይ አንድ ይሁን፤ መጋጠሚያው በደረቅ ቀን በማያያዣ ቴፕና በማጣበቂያ ይያያዝ፤ ጠርዙ በማይዝግ ሚስማር ይመታ፤ በክሩም መካከል የታጠበ አሸዋ ተበትኖ በመጥረጊያ ይግባ። ግቢውን የሚከብበው የሲሚንቶ ጠርዝ በዝቅተኛው ወገን የውኃ ማለፊያ ክፍተት እንዲኖረው ግን አደራ እላለሁ፤ በዙሪያው የተዘጋ ግቢ የቱንም ያህል ጠጠር ቢሞላ የውኃ ማጠራቀሚያ ሆኖ ይቀራልና። ከተነጠፈም በኋላ ጭራሽ እንክብካቤ አይሻም ማለት ሐሰት ነው፤ ቅጠልና አቧራ በየጊዜው መጠረግ አለበት፣ ማንሆሉም በየዓመቱ ከሰኔ በፊት ተከፍቶ ይታይ።

ስለ ጎረቤት ደግሞ ጥቂት ልበል። ከግቢያችን ያስወጣነው ውኃ ከዓለም አይጠፋም፤ አንድ ስፍራ ይደርሳል። በአጥር ሥር ቀዳዳ አበጅቶ ውኃውን ወደ ታችኛው ጎረቤት የሚለቅ ሰው የራሱን ጭቃ ለሌላው አወረሰ እንጂ ጭቃን አላጠፋም፤ የዚያ ጎረቤት መሠረት ዋልካ ላይ ከሆነ ደግሞ የሚደርስበት ጕዳት ከጭቃ ይከፋል። በአንድ እድር የምንቀባበር፣ በአንድ ሰፈር ልጆቻችንን የምናሳድግ ሰዎች ስለ ውኃ መውጫ ቀድሞ መመካከር ሊያሳፍረን አይገባም። የአንድ መንገድ ነዋሪዎች ተስማምተው የጋራ ቦይ ቢያስጠርጉ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጪ ያንሳል፣ የመንገዱም ሕይወት ይረዝማል።

በመጨረሻም ይህ ሣር ወሰን እንዳለው ሳልናገር ብቀር አድማጮቼን እንዳታለልሁ እቈጥረዋለሁ። ፕላስቲክ እንደ መሆኑ መጠን በቀትር ፀሐይ ከተፈጥሮ ሣር አብልጦ ይግላል፤ ከፍ ባለው አገራችን ፀሐይ ጽኑ ናትና ሕፃናት በባዶ እግራቸው ሲሮጡበት ይህ መታሰብ አለበት። ዘለዓለማዊም አይደለም፤ ከ10 እስከ 15 ዓመት ካገለገለ በኋላ አርጅቶ ይነሣል፣ ሲነሣም የማይበሰብስ ቆሻሻ ይሆናል። ከታላላቅ ዛፎች ሥርም አይመከርም፤ ሥራቸው ይገፋዋል፣ ለእርሱ ሲባል የሚደረገው ቍፋሮም ዛፎቹን ይጎዳል። ለአፈር ትልም ለንብም የሚሰጠው ምንም የለውም። ስለዚህ ግቢውን በሙሉ በእርሱ ከመሸፈን፣ ልጆች ለሚጫወቱበትና ሰው ለሚቀመጥበት ክፍል ብቻ አድርጎ፣ የቀረውን ከፍ ባለ መደብ ላይ ለተተከለ አትክልትና ለድንጋይ መረማመጃ መተው የበለጠ ማስተዋል ያለበት ምርጫ ነው።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አስቡ። ምርመራውን፣ መውጫውን፣ ተዳፋቱንና ቦዩን በሥርዓት የሠራ ሰው ዋናውን ወጪ ያን ጊዜ ጨርሷል፤ በዚህ ቦታ ላይ ቆሞ ጥሩ አፈር በመደብ ቢያለብስ፣ ቀድሞ በውኃ ታፍኖ ይሞትበት የነበረው ሰርዶ ወይም ኪኩዩ ሣር ራሱ ሊጸድቅለት ይችላል። እንግዲህ ምርጫው የእርሱ ነው፤ ፕላስቲኩንም ይምረጥ፣ ሕያው ሣሩንም ይምረጥ፣ ሁለቱም የሚጸኑት በዚያው መሠረት ላይ ነው። ያንን መሠረት የዘለለ ሰው ግን የመረጠው ሁሉ አይጸናለትም።

ስለዚህ የቤት ባለቤቶች ሆይ፣ ከሣር ሻጭ ጋር ዋጋ ከመቍረጣችሁ በፊት ጕድጓዱን ቈፍራችሁ ውኃውን ለኩ፤ ውሉ ላይም የጠጠሩ ውፍረት፣ የተዳፋቱ መጠንና የውኃው መውጫ በጽሑፍ ይስፈር። ሥራ ተቋራጮች ሆይ፣ ሳይቈፈር የሚነጠፍ ሣር ሲጠይቋችሁ ገበያ እንዳይቀርባችሁ ብላችሁ እሺ አትበሉ፤ በሐምሌ የሚጠራው ስማችሁ ነውና። የሰፈር ሽማግሌዎችና የነዋሪዎች ማኅበራት ሆይ፣ የጋራውን ቦይ ከክረምት በፊት አስጠርጉ። የንግግሬ ፍርድ አጭር ነው፤ በዋልካ መሬት ላይ የውኃው መውጫ ሳይሠራ ሣር አይነጠፍ።